የተጋደመው የጨው መስመር

አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ "ሶሻል መረጥኩ" ብዬ ቤት ስናገር፣ አባቴ የጠቀለለውን እንጀራ ሳይጎርስ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። "ሒሳብ እየቻልሽ?" አለኝ። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከዚህ በላይ መቆጣት አይችልበትም። በእኛ ቤትም በእኛ ሰፈርም ጎበዝ ልጅ የሚገባው ናቹራል ነው፤ ሶሻል የሚገባው ያቃተው ነው። እኔ ደግሞ ሒሳብ እወዳለሁ፤ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ሲነሱ ግን ራሴን ያመኛል። ኢኮኖሚክስ ውስጥ ሒሳብ አለ፣ ሶሻል የሚገቡት ልጆች ደግሞ ሒሳብ ይፈራሉ ሲሉኝ፣ እንግዲያው እዚያ ገብቼ እነግሣለሁ አልኩ። ነገሥኩም። የመጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ንግሥና ነው።

ትምህርት ቤታችን ከገርጂ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። የኢኮኖሚክስ መምህራችን ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ፣ በሚያዝያ ሙቀት እንኳ ካፖርታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ደመወዝ አልበቃ ብሏቸው በእኛ ክፍለ ጊዜ አንድ የግል ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። ይህን እኛ እናውቃለን፣ ርዕሰ መምህሩም ያውቃሉ፣ ማንም አያነሳውም። ክፉ ሰው አልነበሩም። ገብተው ስም ይጠሩና፣ ጥቁር ሽፋን ያለውን የማስተማሪያ ደብተራቸውን ለእኔ ሰጥተው "ልጄ፣ እስከዚህ ድረስ ጻፊላቸው" ብለው ይወጣሉ።

እዚህ አገር የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። እጅ ጽሑፏ የሚያምር ልጅ የመምህሩን ደብተር ይዛ ሰሌዳው ላይ ትገለብጣለች፤ ክፍሉ ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ ደብተሩ ላይ ያለው ደግሞ ለፈተና ይሸመደዳል። ኖቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማብራሪያው፣ ካለ፣ በአማርኛ ነው። የተጻፈውን መጠየቅ የሚባል ነገር የለም። ማን ይጠየቃል? ሰሌዳው?

ዴስክ የምትጋራኝ ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ናቸው። አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ጋር ትኖር ነበር፤ እናቷ ምድር ቤቱ ላይ ትንሽ ሱቅ አላቸው። አባቷ በሕይወት የሉም። አክስቷ ዓረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች ብዙ ዓመት የቆየች ሴት ናት፤ ያ ቤት የተገዛው በእሷ ላብ ነው። እናም በቤቱ አንድ ስምምነት ነበር፦ ጓደኛዬ ማትሪክ ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ከወደቀች አክስቷ ጋ ትሄዳለች። ፓስፖርቷ ገና ከወዲሁ ወጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ይህን የነገረችኝ የነገ የክፍል ፕሮግራም እንደምትነግረኝ አድርጋ ነው። "ያው ማለፍ ነዋ" አለች።

ምኞቷ ባንክ መሥራት ነበር። አንዳንዴ ከትምህርት ስንለቀቅ ቦሌ መድኃኔዓለም ድረስ በእግራችን እንሄዳለን፤ ታዲያ በየባንኩ በር ላይ ትቆምና በመስታወቱ ወደ ውስጥ ታያለች። "አየሻቸው? ቁጭ ብለው፣ አምሮባቸው፣ ሰው ተራ ይዞ እየጠበቃቸው" ትለኛለች። እስቅባት ነበር። ቀለም ቶሎ የሚገባት ልጅ አልነበረችም፤ እልኸኛ ግን ናት። እኔ አንዴ አንብቤ የምይዘውን እሷ አሥር ጊዜ ትጽፈዋለች። ከመምህሩም ከመጽሐፉም አብልጣ የምታምነው እኔን ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ያ ቀን ማክሰኞ ነበር። ምዕራፉ ኢላስቲሲቲ ይባላል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ጨው ቢወደድም ሰው ያንኑ ያህል ጨው ይገዛል፤ ሽቶ ሲወደድ ግን ይተወዋል። በመምህሩ ደብተር ላይ ይህ በግራፍ ተሥሏል። ዋጋ ወደ ላይ በሚወጣው መስመር ላይ፣ የሚገዛው መጠን ደግሞ በአግድሙ ላይ ተጽፎ፣ የጨው መስመር ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የሽቶ መስመር ተጋድሟል። እኔ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ። በሒሳብ ክፍል የተማርነው፣ ወሳኙ ነገር አግድሙ ላይ፣ ተወሳኙ ቁመቱ ላይ እንደሚጻፍ ነው። የምንገዛውን መጠን የሚወስነው ዋጋው ነው። ታዲያ ዋጋ ምን ሊሠራ ቁመቱ ላይ ወጣ? ሽማግሌው ተሳስተዋል አልኩ በልቤ። ስንት ዓመት ሲያጣምሙት የኖሩትን ዛሬ እኔ አቃናሁት አልኩ። ገለበጥኩት። ዋጋን አግድሙ ላይ፣ መጠንን ቁመቱ ላይ አደረግኩና የጨውን መስመር አጋደምኩት፣ የሽቶውን አቆምኩት። ከሥሩ ማብራሪያውን አሳምሬ ጻፍኩና በቀይ ጠመኔ አሰመርኩበት።

መጠየቅ እችል ነበር። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ደብተራቸውን ሊቀበሉኝ ተመልሰው መጡ፤ "ቲቸር፣ ይቺ ነገር እንዴት ነው?" ብል የደቂቃ ነገር ነበር። ትልቅ ሰው አሳፍራለሁ ብዬ ፈራሁ ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ትዕቢት ነው። እሳቸውም ሰሌዳውን ቀና ብለው ሳያዩ "ጎበዝ፣ በይ አጥፊው" አሉኝ። ከሰሌዳው አጠፋሁት፤ ሃምሳ ደብተር ላይ ግን ገብቷል። በሳምንቱ ደብተር ሲታይ በየገጹ ቀይ ፊርማቸውን እያሳረፉ አለፉ። የተጋደመው የጨው መስመር ተፈርሞበት ወጣ። የክፍል ፈተናቸው ላይ ግራፍ አልነበረም፤ ግራፍ ማባዛት ስለሚያስቸግራቸው ትርጉም ብቻ ይጠይቃሉ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው የእኛን ክፍል አይቶ ነው።

ጓደኛዬ ለመሸምደድ እንዲመቻት "ጨው ይተኛል፣ ሽቶ ይቆማል" የሚል ነገር አወጣች። በሳምንት ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ያዘው። ልጆቹ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ አንዱ "ጨው?" ይላል፣ ሌላው "ይተኛል" ይመልሳል። እኔም ከእነሱ ጋር እስቅ ነበር። የእኔ ግኝት በሰው አፍ ሲዞር መስማት ያኮራል። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲሁ ኖርን።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ፣ ኦሎምፒያ ቢሮ ያለው አጎቴ ቲቶሪያል አስመዘገበኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ ምንጣፍ፣ ወንበሩ የሚሽከረከር፣ ተማሪዎቹ የግል ትምህርት ቤት ልጆች። ጓደኛዬን "አብረን እንማር" ማለት እንኳ አልቻልኩም፤ ከየት አምጥታ ትከፍላለች? በሦስተኛው ቀን ወጣቱ አስጠኚ ግራፉን ሣለ። የጨው መስመር ቀጥ ብሎ ቆመ። ንግሥቲቱ እጇን አወጣች። "ተገልብጧል" አልኩ። የሒሳቡን ደንብ ጠቅሼ አስረዳሁት።

"በሒሳቡ ልክ ነሽ" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ኢኮኖሚስቶች ግን ከጥንት ጀምሮ ዋጋን ቁመቱ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ልማድ ነው። ፈተናም ላይ የሚመጣው እንደዚህ ነው።"

ከኋላዬ አንዱ "ኦ ማይ ጋድ፣ ይሄን እኮ መቼ ጨረስነው" አለ፤ ሰዉ ሳቀ። ሳቃቸው አልነካኝም። የታየኝ ሃምሳው ደብተር ነበር፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ አንዱ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩት።

ለፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ትምህርት ተዘግቷል፣ መምህሩ ስልክ አያነሱም። የክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ግን ነበር። "የኢላስቲሲቲን ግራፍ ገልብጬ ነው የጻፍኩላችሁ፣ ይቅርታ፣ ጨው ይቆማል" የምትል አንድ መስመር ብቻ ነበረች። ጻፍኳት። አጠፋኋት። እንደገና ጻፍኳት። ከዚያ ልጆቹ የሚሉኝ ሁሉ በጆሮዬ ይመጣል። ቀለሜ ነኝ ባይዋ ጉድ ሠራችን፣ ማን አስተምሪ አላት፣ ሽማግሌውን ልታርም ተነስታ። ይሉኝታ ያዘኝ እንዳልል፣ ይሉኝታ እንኳ ለሌላ ሰው የሚያሳስብ ነገር አለው። እኔ ያሰብኩት ለራሴ ነው። ቢመጣ አንድ ጥያቄ ነው፣ ከዚህ ሁሉ ምዕራፍ መሃል ይህችን ማን ያስታውሳታል ብዬ ስልኩን አስቀመጥኩ። ለእሷ ግን ሄጄ በአካል እነግራታለሁ አልኩና፣ ቅዳሜ ከመገናኛ ባቡር ይዤ አያት ወረድኩ።

ቤታቸው ስገባ ወለሉ ወረቀት በወረቀት ሆኗል። ጓደኛዬ ከስታለች፣ ዓይኖቿ ጎድጉደዋል። ታናሽ እህቷ፣ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ደብተር ይዛ ትጠይቃታለች፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትመልሳለች። ግድግዳው ላይ የእኔ ግራፍ ተለጥፏል፣ ማስመሪያው ሳይቀር በቀይ። "ጠይቂኝ" አለችኝ፤ "ከየትም ብትጠይቂኝ አልስትም።" እውነቷን ነው፤ እኔ ከጻፍኩት አንዲት ነቁጥ አትስትም ነበር።

እናቷ ከሱቅ ሻይና ብስኩት ይዘው ወጡ። "ማዘር፣ አይድከሙ" ብላቸው "ዝም በይ፣ አንቺም ልጄ ነሽ" አሉኝ። ከዚያ ልጃቸው እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምታጠናው ምን እንደሆነም አላውቅ። እህቴ በየሳምንቱ 'መቼ ትልኪያታለሽ?' እያለች ትደውላለች፤ እኔ ግን አንቺ ስላለሽላት አልሰጋም። አላህ ያግራላችሁ።" የያዝኩትን ብስኩት መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

ተናገሪ፣ አሁን ተናገሪ እላለሁ ለራሴ። ታዲያ ደግሞ ያ ሌላው ድምፅ ይመጣል። ይህን ከሰማች ሌላውንም ኖት ትጠራጠራለች፣ በዚህ ሰዓት ማደናገር ነው፣ የያዘችውም ይጠፋባታል። ለእሷ ማሰቤ ነው አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው፤ ሰው አፍሮ ሲያበቃ ለሐፍረቱ ስም ያወጣለታል። "ሁሉንም ይዘሽዋል፣ አብሽሪ" ብያት ተነሳሁ። አይዞሽን አብሽሪ ማለት የተማርኩት ከእሷ ነው። በባቡሩ ቆሜ ስመለስ ከራሴ ጋር መሆን አስጠላኝ።

ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ሻንጣችንን ተፈትሸን፣ ስልካችንን ቤት ትተን፣ የማናውቀው ዶርም ውስጥ አድረን ነው የተፈተንነው። የእሷና የእኔ ስም በፊደል ስለሚቀራረብ አንድ ክፍል ደረሰን፤ እሷ ከእኔ ሁለት ወንበር ቀድማ። የኢኮኖሚክስ ዕለት ገጹን ስገልጥ ግራፉ መጣ። አንድ ጥያቄ አይደለም፣ ሦስት ነው። እኔ ሦስቱንም በትክክል አጠቆርኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ጀርባዋን አየሁ። አንገቷን ደፍታ ትሠራለች። ተነስቼ ልጮህ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ተቀምጬ ሰዓቴን አየሁ።

ውጤት የወጣ ቀን ድረ ገጹ ተጨናንቆ ግማሽ ቀን አልከፈት አለ። እኔ አለፍኩ። እሷ ማለፊያውን በሁለት ሦስት ጥያቄ ያህል ሳተችው። የወደቀው ብዙ ነበር፤ በየቤቱ ለቅሶ ነው፤ ከብዛቱ የተነሳ መውደቅ ነውርነቱ ቀርቶ ነበር። የጣላት ያ ግራፍ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ሌላም ቦታ ተሳስታ ይሆናል። አይደለም ብዬም መማል አልችልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምኖረው በእነዚህ በሁለቱ መሃል ነው። አባቴ ያን ዕለት ሥጋ ገዝቶ ገባ፤ ጎረቤቱን ጠርቶ "ሶሻልም ቢሆን" እያለ አወራ። እኔ ሳልበላ ተነሳሁ፤ እናቴ ድካም ነው አለች።

ለጥቂት ለወደቁት ሪሜዲያል የሚባል ዕድል አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እየተማሩ ዳግም ይፈተናሉ። "ትጠብቅ፣ ማዘር" ብዬ ደውዬ ለመንኳቸው። እናቷ ግን ቃል ቃል ነው አሉ፤ አክስቲቱም የጉዞውን ጉዳይ ጨርሳለች። የሪሜዲያሉ መቁረጫ ነጥብ ሳይነገር ቪዛው መጣ።

ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ሻንጣ ለመግዛት ተገናኘን። ገዝተን ስንጨርስ ቦሌ መድኃኔዓለም አንድ ጁስ ቤት ገብተን ተቀመጥን፤ አዲሱ ሻንጣ ፕላስቲኩ ሳይወልቅ በመሃላችን ቆሟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ያኔ ጮህኩ። ከማክሰኞዋ ጀምሬ ቲቶሪያሉን፣ ጽፌ ያጠፋሁትን መልእክት፣ አያት መጥቼ ዝም ብዬ መመለሴን ሁሉንም ነገርኳት። እንባዬ ቀድሞኝ ግማሹን ደጋግሜ ነው የተናገርኩት።

ጁሷን በማንኪያ እያማሰለች ሰማችኝ። ስጨርስ "አይቼዋለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"መጽሐፉን። ፒዲኤፉን በእማዬ ስልክ ከፍቼ አየሁት። ጨው ቆሟል። መጽሐፉ ተሳስቷል አልኩ። አዲሱ መጽሐፍ ስህተት ይበዛበታል ይሉ አልነበር?" ማንኪያውን አስቀመጠች። "ፈተናው ላይ መጀመሪያ መጽሐፉ እንዳለው ነበር ያጠቆርኩት። ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝ። እሷ አትሳሳትም አልኩና ሦስቱንም በላጲስ አጠፋኋቸው።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ይቅርታ አልኳት። ክንዴን ይዛ "አብሽሪ፣ ከአላህ ነው" አለችኝ። አጽናኟ እሷ፣ ተጽናኟ እኔ፤ ጉድ እኮ ነው። ከዚያ "እማዬ ግን ይህን እንዳትሰማ" አለች። "እህቴን ቅዳሜ ቅዳሜ ታስጠኚያታለሽ ብዬ አሳምናታለሁ። አንቺ ነሽ ካልኳት እሺ ትላለች። እህቴ ካለፈች እዚሁ ትቀራለች።" እምቢ የምልበት አፍ ከየት ይምጣ?

የሄደች ቀን አውሮፕላን ማረፊያ አልሄድኩም፤ እናቷን ማየት አልቻልኩም። የእኛ ቤት አውሮፕላን የሚያልፍበት መስመር ሥር ነው። ቀኑን ሙሉ ከጣሪያችን በላይ ሲያልፉ ዋሉ። እሷ ያለችበት የቱ እንደሆነ አላወቅኩም።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። መርጬ ነው አልልም፣ ነጥቤ ያደረሰኝ እዚያ ነው። እሷ አልፎ አልፎ በድምፅ መልእክት "ደህና ነኝ" ትለኛለች፤ ከጀርባዋ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፣ ቶሎ ትዘጋዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አያት እሄዳለሁ። እህቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች፤ ሶሻል ገብታለች፣ በእኔ ምክንያት። ፈጣን ልጅ ናት፣ ከእህቷም ከእኔም ትፈጥናለች። ያቺን ምዕራፍ ባለፈው ወር አስተማርኳት። መጽሐፉን አስከፍቼ፣ መስመር በመስመር እያመሳከርኩ። በየመሃሉ "ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ መጽሐፉን እዪ፣ ጠይቂኝ" እላታለሁ። "እሺ" ትላለች አንገቷን ደፍታ፣ ትጽፋለች፤ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ያጠናችውን በቃሏ እንድትወጣልኝ ነገርኳት። ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። ትርጉሙን አለች፣ ጨውን አለች፣ ሽቶውን አለች፤ አንድም አላጎደለችም። መሃል ላይ ስትደርስም፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ "ተሳስቼ ሊሆን ይችላል" አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች።